ሥዕል ያለ አንደበት ስለሚናገረው ነገር

መጽሐፍን የሚያነበው ፊደል የቈጠረ ሰው ነው፤ ሥዕልን ግን ያልተማረውም ቆሞ ይሰማዋል። ስለዚህ አባቶች የመቅደሱን ግድግዳ ባዶውን አልተዉትም። በደጁ ግራና ቀኝ መላእክትን ሰይፍ አስመዝዘው አቆሙ፤ ከዚያም የጌታን ልደትና ስቅለት፣ የእመቤታችንን ተአምር፣ የሰማዕታትን ገድል በየተራው አሣሉ። ይሁን እንጂ ሥዕል ዓይን ላለው ሁሉ እኩል አይናገርም። እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ፣ እንደ ልሳንም ሰዋስው አለው። የሚያስደንቀውም ይህን ሰዋስው ብዙ ጊዜ የምታውቀው ፊደል ያልቈጠረችው ባልቴት ስትሆን፣ የሚስተው ግን ተማርሁ የሚለው ሰው መሆኑ ነው።

ተማርሁ ባዩ ሰው ዓይኑ ፎቶግራፍ ለምዷልና በጥንቱ ሥዕል ፊት ሲቆም አስቀድሞ ጕድለት ይፈልጋል። ዓይኑ ከመጠን በላይ ተልቋል፣ ጣቱ ረዝሟል፣ ጥላ የለውም፣ ሩቁና ቅርቡ አልተለየም ይላል። እነዚህን ሁሉ ቈጥሮ ሠዓሊው አላወቀም ብሎ ይፈርዳል። ሠዓሊው ግን የሰውን መልክ ሊለካ አልተነሣም፤ የሰውን ልብ ሊያሳይ ነው እንጂ። ልብ ደግሞ በክንድ አይለካም።

ለምሳሌ የዓይንን ነገር እንመልከት። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃንና ሰማዕታት ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ወደ ተመልካቹ ዞረው ይሣላሉ። ሰይጣን፣ በመጨረሻው እራት የተቀመጠው ይሁዳ፣ ሰማዕታትን የሚያሠቃዩት ጭፍሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ጐናቸውን ሰጥተው ይሣላሉ፤ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ይህ የእጅ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ጻድቁም ኃጥኡም አንድ ዓይና በሆነ ነበር። አማርኛ ራሱ ይህን ምስጢር ይፈታዋል። የወደድነውን ሰው «ፊት ሰጠነው» እንላለን፤ የጠላነውን «ፊት ነሣነው» እንላለን፤ ክፉ ያሰበብንንም ሰው «በጐሪጥ አየን» እንለዋለን። ሠዓሊው ሕዝቡ በአፉ የሚናገረውን በብሩሹ ጻፈው። ባልቴቲቱም በጻድቁ ሥዕል ፊት ስትቆም ፊት እንደ ተሰጣት ታውቃለች፤ ማንም ሳይተረጕምላት ታለቅሳለች።

ሁለተኛው ምሳሌ እጅ ነው። በስቅለት ሥዕል ከመስቀሉ ግርጌ እመቤታችንና ዮሐንስ ቆመው ይታያሉ። ብዙ ጊዜ ፊታቸው አልተጨማደደም፤ አፋቸውም ለጩኸት አልተከፈተም። እጃቸው ግን ጕንጫቸውን ደግፏል። በአገራችን ጕንጩን ይዞ የተቀመጠ ሰው ያዘነ ወይም የተከዘ ነው፤ ልጅ እንዲህ ሆኖ ቢቀመጥ እናቱ ደንግጣ «ምን ሆንህ? እጅህን አንሣ» ትለዋለች። እንግዲህ ልጇን የቀበረች እናት ይህን ሥዕል ባየች ጊዜ ፊቱ ጸጥ ያለው ኀዘን ስለሌለ እንዳይደለ ታውቃለች። ኀዘኑ ከጩኸት አልፎ በዝምታ ተቀምጧልና ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ከብዙ እንባ ይልቅ ልብን ይነካል፤ ሠዓሊው ያላለቀሰውን እንባ ተመልካቹ እንዲያለቅሰው ስፍራ ትቶለታልና።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት በተጻፉ አንዳንድ የብራና ወንጌላት የስቅለቱ ሥዕል የተሰቀለውን አያሳይም። ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ ተሰቅለዋል፤ መካከለኛው መስቀል ግን ባዶውን ቆሟል፤ ከበላዩም በግ ተሥሏል። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ባየ ጊዜ የሚጠይቀው ሰሙ ምንድር ነው፣ ወርቁስ ወዴት ነው ብሎ ነው። ሰሙ ባዶው እንጨት ነው፤ ወርቁ በበጉ ውስጥ ተሰውሯል። ሥቃዩ ከዓይን ስለ ተሰወረ ከልብ አልተሰወረም፤ እንዲያውም ተመልካቹ ባዶውን ስፍራ በራሱ አሳብ ሊሞላው ይገደዳል። መልእክት ሁሉ በመግለጥ ብቻ አይተላለፍም፤ በመሰወርም ይተላለፋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ታዲያ ከባዕድ የመጣ ሥዕል ሁሉ ሊጣል ነውን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። የቀደሙት ሠዓሊዎች ከባዕድ መቀበልን አላፈሩበትም። በሮም በቅድስት ማርያም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂው ወደ አገራችን ከመጣ በኋላ የጐንደር ዘመን ሠዓሊዎች ደጋግመው ሥለውታል፤ ነገር ግን ዓይኑን፣ መስመሩንና ቀለሙን ወደ ራሳቸው ልሳን መልሰው ነው። እንዲሁም ኵርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ ጌታ የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሥዕል ከባሕር ማዶ የመጣ ነበር። የጐንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ ነበር። በ1736 ዓ.ም. በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ሠራዊቱ በስናር ድል በሆነ ጊዜ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላም በቤዛ ተመለሰ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። ዋናው ሥዕል ሄደ፤ ኀዘኑ ግን የአገር ልጆች በሣሏቸው ቅጂዎች ውስጥ ቀረ። አንድ ሥዕል የአንድ ሕዝብ ገንዘብ የሚሆነው እንጨቱና ቀለሙ በእጁ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡ ኀዘኑንና ተስፋውን ስላነበበበት ነው።

ተስፋንም ለማየት ወደ ጐንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ መግባት ይበቃል። ጣራው ከመቶ በላይ በሚሆኑ የመላእክት ፊቶች ተሸፍኗል፤ ሁሉም ዓይናቸውን ከፍተው ወደ ታች ያያሉ። ራሱን ቀና ያደረገ ሰው ሊመለከት ገብቶ ተመልካች እንዳለበት ያውቃል። ይህ ፍርሃትም ነው፣ መጽናናትም ነው፤ ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋልና። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጐንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ይህ ቤተ ክርስቲያን ከእሳቱ ተርፏል።

ነገር ግን ሥዕልን የሚያጠፋ እሳት ብቻ አይደለም። ፍቅርም አንዳንድ ጊዜ ያጠፋዋል። ምእመናን ሥዕሉ በጧፍ ጢስና በዝናብ ደብዝዞ ባዩት ጊዜ ያዝናሉ፤ ገንዘብ አዋጥተውም ይደምቅ ዘንድ በአዲስ የሚያንጸባርቅ ቀለም ላዩን ያስቀቡታል፤ ወይም አውርደው በማተሚያ የታተመ ሥዕል ይሰቅሉበታል። አሳባቸው ቅን ነው፤ የማይወደውን ቤት ማን ያድሳል? ነገር ግን አዳሹ የጥንቱን ሰዋስው ሳያውቅ የይሁዳን ፊት ወደ ተመልካቹ ቢያዞረው፣ የዮሐንስን እጅ ከጕንጩ ቢያወርደው፣ ግድግዳው ይደምቃል፣ ነገሩ ግን ይጠፋል። ብራና ቢደበዝዝ ቃሉን ሳያነብ በላዩ የሚጽፍ ጸሐፊ አይመሰገንም፤ በሥዕል ላይ ግን ይህ ሲደረግ ብዙዎች እልል ይላሉ። በላዩ የተቀባውን ቀለም መልሶ መፋቅ ደግሞ እጅግ የሚያስቸግር ሥራ ነው፤ ከሥር ያለውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ብሩሽ ከመነሣቱ በፊት ንባብ ይቅደም። የደብሩ ሽማግሌዎች እያንዳንዱ ሥዕል ምን እንደሚል ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ የቅኔ መምህሩም ደቀ መዛሙርቱን አንዳንድ ቀን ከግድግዳው ፊት አቁሞ ሰሙንና ወርቁን ያስፈታቸው። ተማርሁ ባዩም ከመፍረዱ በፊት ከባልቴቲቱ አጠገብ ጥቂት ይቁምና እርሷ የምታየውን ይጠይቃት። በትምህርት ቤት ያላገኘውን ትምህርት ከእርሷ ቢያገኝ አያሳፍረውም። ሥዕል አንደበት የለውም፤ የሚናገረው በሚያነበው ሰው ልብ ነው፤ አንባቢ ያጣ ዕለትም ቀለሙ እንደ ደመቀ ዲዳ ይሆናል።