ያልመለስኩት ቃል

የቴስታታ ብሎን እስከ ስንት እንደሚጠብቅ በቃሌ አውቅ ነበር። አውቅ ነበር ስል ቁጥሩን ማለቴ ነው። ብዙ ጊዜ የምሠራው የአንድ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ቁጥር 87 ነው። በጋራዡ የነበረው ቶርክ ሬንች በፉት ፓውንድ የሚለካ ስለነበር፣ 87 ላይ ሞልቼ ቀጭ እስኪል መሳብ ብቻ ነበር ሥራዬ። ለዓመታት ስለሠራልኝ የምን 87 እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

አሮጌው ሬንች ሲበላሽ ከጀርመን የመጣ አዲስ ተገዛ። እጀታው ላይ ያለው ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። 1 ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ስለሆነ፣ የእኔ 87 እዚያ ላይ 118 መሆን ነበረበት። የሞተሩ አምራች መጽሐፍ ሁለቱን ጎን ለጎን ጽፏቸዋል፤ ማስላት እንኳ አያስፈልግም፣ ገልጦ ማየት ነው። ረዳቴ ገልጦ አየ።

"ጋሼ፣ እዚህ 118 ይላል" አለኝ።

"87 ነው። እሱን ተወው" አልኩት።

ቸኩዬ ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። መቸኮሉንስ ቸኩያለሁ፤ ሞተሩን የምሠራለት ሚኒባስ ባለቤት አጠገቤ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ልጁን ዝም ያሰኘሁት ግን በችኮላ አይደለም። መጽሐፍ ሳይገልጥ ይሠራል የሚባል ስም ነበረኝ። ያን ስም በደንበኛ ፊት፣ ያውም በረዳቴ አፍ፣ ማጣት አልፈለግሁም።

87 ኒውተን ሜትር ከሚፈለገው ሩብ ያህል ይጎድላል። ጉድለቱ ለዓይን አይታይም፤ ብሎኑ የጠበቀ ይመስላል፣ ሞተሩም ይነሳል። ነገር ግን ናፍጣው በነደደ ቁጥር ግፊቱ ቴስታታውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ብሎኖቹ አጥብቀው ካልያዙት ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን ቀስ በቀስ ይለቃል። ሚኒባሱ ነጭ ጭስ እየተፋ ተመልሶ መጣ። የዘይት መለኪያውን ስስበው ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል። ውሃ ገብቶበታል።

"ጓርኒሲዮኑ ፎርጅድ ነው" አልኩት ባለቤቱን። ስናገረው አምኜበት ነበር። ወይም፣ በትክክል ልናገርና፣ ገበያው ፎርጅድ የሞላበት ስለሆነ ለማመን ብዙ አልታገልኩም። ሰውዬው ዕቃውን ወደ ሸጠለት ነጋዴ ሄደ፤ እኔ መፍታት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ብሎን ሳይታገለኝ ዞረ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ከእኔ ቀድሞ ያወቀው ክንዴ ነው። ቀና ብዬ ረዳቴን ሳየው እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። 118 ያለኝ ያኔ ትዝ አለኝ።

ቃሌ ውሸት የሆነው በዚያች ሰዓት ነው። አንድም አዲስ ነገር አልጨመርኩም፤ የተናገርኩትን አልመለስኩም እንጂ።

ነጋዴው ብዙ ተከራክሮ በመጨረሻ ለሰላም ሲል ሌላ ጓርኒሲዮን በነፃ ሰጠ። ባለቤቱ ይዞት መጥቶ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር" አለኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ። ሬንቹን ወደ 118 ያዞርኩት እሱ ስልክ ሊያወራ ወጣ ሲል ነው። ሞተሩ ዳግም አልተመለሰም፤ ይህም ነጋዴውን ፎርጅድ ሻጭ፣ እኔን ዕቃ አዋቂ አደረገን።

ለባለቤቱ ቆይቼ እውነቱን ነግሬ የእጅ ዋጋውን መለስኩለት። ይህን የምጽፈው ሚዛኑን ለማቅለል አይደለም፤ ባለቤቱ ይቆጣል እንጂ ስሜን ገበያ ውስጥ እንደማያነሳው አውቅ ነበር። ነጋዴው ግን ሁሉንም መካኒክ ያውቃል። ልነግረው ሱቁ ድረስ ሄጄ፣ የማያስፈልገኝን ካንዴላ ገዝቼ ተመልሻለሁ። ስላልነገርኩት ኪሳራውም ስሙም እስካሁን እኔ ላይ ነው ያለው። አንባቢዬን ፍታኝ አልልም፤ መፍታት የሚችለው ነጋዴው ነው።

ረዳቴ ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው። በመለኪያ እንደማይሳሳት አልጠራጠርም፤ ከመጀመሪያውም አልተሳሳተም። የሠራው መኪና ተበላሽቶ ሲመለስበት ለባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚመልስ ግን አላውቅም። ከእኔ የሰማው መልስ አንድ ብቻ ነው።