«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት



ጎንደር ላይ በሶፍትዌር ሥራ የምንተዳደር ወጣቶች «ኔትወርክ የለም» የምትል ቃል ከአፋችን አትጠፋም። ብዙ ጊዜ እውነት ናት። አንዳንዴ ግን ችግሩ ከአጠገባችን ሆኖ ሳለ በዚህች ቃል ሰበብ ቀኑ ያልፋል፤ ደንበኛም ይቀየማል።

አዲስ ዓለም አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንሠራለን። የምንጽፈው ኮድ ከነታሪኩ የሚቀመጠው ሊኑክስ በተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ሰርቨራችን እሱ ነው። ኮዱን የሚይዝልን ፕሮግራም ጊት ይባላል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማንኛችንም ሥራችንን ወደ ሰርቨሩ መላክ አቃተን። «ኢንተርኔት ሲመጣ ይሠራል» ተባለ። ሰርቨሩ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ ከእሱ ጋር ለመገናኘት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ራውተሩና ኬብሉ ይበቃሉ።

ስለዚህ መጀመሪያ የስህተት መልእክቱን አነበብን። መልእክቱ ብዙ ይናገራል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጋር ደርሰናል፤ የሚቀበለን ፕሮግራም፣ ማለትም ኤስኤስኤች፣ አልተነሳም። «ታይምድ አውት» ካለ መልስ የሰጠ የለም፤ ማሽኑ ጠፍቷል ወይም ፋየርዎሉ ጥያቄያችንን በዝምታ ጥሎታል። የእኛው «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ይል ነበር። በአንድ ራውተር ሥር ሆነን ይህ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በዚያ አድራሻ ላይ ማንም የለም ማለት ነው።

የኬብሉ መብራት ይበራል። ኪቦርድና ስክሪን ሰክተን ሰርቨሩን አድራሻውን ጠየቅነው። የምናውቀው 192.168.1.10 ነበር፤ አሁን 192.168.1.14 ሆኗል። ራውተሩ መብራት ሲጠፋበት የቀድሞውን ረስቶ አዲስ አድራሻ ሰጥቶታል። ራውተሩ ላይ ገብተን የቀድሞውን አድራሻ ለሰርቨሩ ብቻ እንዲይዝለት አደረግን። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢጠፋም አድራሻው አይቀየርም።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲዘልቅ ይህ ልምድ ጠቀመን። ያ ከእጃችን ውጭ የሆነ መቋረጥ ነበር፤ በክፍላችን ውስጥ ያለው ኔትወርክ ግን ይሠራል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሊኑክስ ሥራ ያዘጋጀው ጊት ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ይመቻል፤ እያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር ላይ የኮዱ ሙሉ ታሪክ ስለሚኖር ማዕከሉ ቢርቅም ሥራው አይቆምም። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደባርቅ ለሚሠራው ባልደረባችን «ጊት ባንድል» በሚባለው ትእዛዝ ሁሉንም በአንድ ፋይል ጠቅልለን፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን በፍላሽ ላክንለት። እሱም የሠራውን በዚያው ፍላሽ መለሰልን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን በሶብር እንጠብቅ። ከዚያ በፊት ግን ኬብሉን፣ አድራሻውን፣ ኤስኤስኤቹንና ፋየርዎሉን በየተራ እንይ። ከቅርቡ ጀምረን ወደ ሩቁ ስንሄድ የቱ በእጃችን እንዳለ፣ የቱ እንደሌለ ይለያል።