ያስፈልጋቸዋል፤ አልተቀበሉም

የዚህ ገጽ አንባብያን ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲና ስለ ሕገ መንግሥት የምጽፈውን ለምደዋል፤ እንጀራ ስለምበላበት ሥራ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን አላነሣሁም። ሰሞኑን ከአንድ ወዳጄ ጋር መንግሥት በዜጋው ቤት እስከ ምን ድረስ ሊገባ ይገባል በሚለው የዘወትር ክርክራችን ላይ ሳለን፣ «አንተ ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ታጠቅሳለህ እንጂ በየሳምንቱ የምትፈርመው በእሱ ላይ አይደለም እንዴ?» ብሎ ሸነቆጠኝ። እውነቱን ነው። ስለሆነም ዛሬ ከፖለቲካው ሳልርቅ ስለ ሥራዬ ልጻፍ። (የማነሣቸው ሰዎች ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ፤ ሕጉም ኅሊናም የሚያዙት ይህንኑ ነው። ዓመቶቹም «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአንድ የአካባቢ መስተዳድር ውስጥ፣ የአዋቂዎች ጥበቃ አገልግሎት በሚባለው ክፍል የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ኃላፊ ነኝ። ክፍሉ 60 ዓመት የሞላቸውን ሁሉ፣ እንዲሁም ከ18 ዓመት ጀምሮ በአካል ወይም በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉትን ይመለከታል። ሐኪሙ፣ ነርሷና ፖሊሱ በሕግ ተገድደው ይጠቁማሉ፤ ጎረቤትና ዘመድ በፈቃዳቸው ይደውላሉ። ጥቆማው ተቀባይነት ካገኘ ምርመራው በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ልጅ እናቱን መታ፤ የወንድም ልጅ በውክልና ስም የአጎቱን ቤት ሸጠ፤ ተቀጣሪዋ አስታማሚ ሽማግሌውን ከነሽንታቸው ትታቸው ዋለች፤ የሚመጣው ይህን የመሰለ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ግን ራሱን የጣለ ሰው ነው። መድኃኒቱን የተወ፣ ቤቱ በቆሻሻና በአሮጌ ጋዜጣ ተሞልቶ ከበሩ እስከ አልጋው ድረስ አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ የቀረችው ሰው።

ምርመራው ሲያልቅ የቨርጂኒያ ደንብ ባለሙያው ከአምስት ድምዳሜዎች አንዱን እንዲመርጥ ያዝዛል። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ጥበቃ ያስፈልጋቸዋል፤ ነገር ግን አልተቀበሉም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ሐረግ ሲያነብ ቆም ማለቱ አይቀርም። መንግሥት አንድ ሰው በአደጋ ላይ መሆኑን አረጋግጦ፣ መርዳትም እየቻለ፣ ሰውየው «አልፈልግም» ስላሉ ብቻ መዝገቡን ዘግቶ ይሄዳል! ሕፃን ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤት ፈቅዶ ከቤቱ ይወሰድ ነበር። አዋቂ ግን ማሰብና መወሰን እስከቻለ ድረስ ተሳስቶም ቢሆን በራሱ መንገድ የመኖር መብት አለው። ይህን መብት ለመንጠቅ ዳኛ ፊት መቅረብ፣ ጥቅማቸውን የሚመለከት ጠበቃ መሾም፣ የመወሰን ችሎታ ማጣታቸውንም በግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማስረዳት ያስፈልጋል። ሞግዚት የሚሾመው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ልልነት ነው የሚሉ አሉ። አዲስ የሚቀጠሩ ወጣት ባለሙያዎችም መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ያስባሉ፤ ሊያድኑ ነው የመጡት። እኔ ለእነዚህ ወጣቶች የክሊቭላንድን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1960ዎቹ በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ የቤንጃሚን ሮዝ ተቋም ራሳቸውን መጠበቅ በተሳናቸው 164 አረጋውያን ላይ አንድ ሙከራ አካሄደ። ማርጋሬት ብሌንክነርና ባልደረቦቿ አረጋውያኑን በሁለት ከፈሏቸው፤ ለአንደኛው ቡድን ብቁ ባለሙያዎች የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፣ ሁለተኛው ከከተማው የተለመደ አገልግሎት ጋር ቀረ። ውጤቱ በ1971 ሲታተም የሙያውን ሰዎች አስደነገጠ። በትጋት የተረዱት ከሌሎቹ ይልቅ በብዛት ወደ መጦሪያ ተቋም ገብተዋል፤ ከመካከላቸው የሞቱትም በዝተዋል። በኋላ አኃዙን እንደገና የመረመሩ ምሁራን ንጽጽሩን ተከራክረውበታል፤ የጥናቱ ጥላ ግን ከሙያው ላይ አልተነሣም።

እዚህ ላይ የፖለቲካ ሰው ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አሮጊቷ እምቢ ብለው ቤታቸው ውስጥ ሞተው ቢገኙ ጋዜጠኛው ደውሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። ያለ ፈቃዳቸው ተወስደው፣ በማያውቁት አልጋ ላይ፣ በስድስተኛው ወር ቢሞቱ ግን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ የፈራ ቢሮክራሲ ምንጊዜም ወደ መውሰድ ያደላል። የደከመ ቢሮክራሲ ደግሞ በተቃራኒው «አልተቀበሉም» ብሎ ወደ መዝጋት ያደላል። የእኔ ፊርማ የሚያርፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ምክንያቱም «እምቢ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ የተናጋሪው አይደለም። ታዋቂው የሆሊውድ ተዋናይ ሚኪ ሩኒ በ2011 በ90 ዓመቱ በአሜሪካ ሴኔት የአረጋውያን ጉዳይ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ በቤተሰቡ ሰው እጅ ስለደረሰበት በደል ሲመሰክር፣ ሊናገር ሲሞክር ዝም በል ይባል እንደነበር ገልጿል። ስሙን ዓለም የሚያውቀው ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ስማቸውን የአፓርታማው ጥበቃ እንኳ የማያውቀው እናት ምን ይሁኑ?

ወደ እኛው ሰፈር ልምጣ። በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ እናት ዜግነት ያገኘ ልጃቸው በሞላው ወረቀት ይመጣሉ። የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው የለም፣ በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግም አዲስ የገባ ቋሚ ነዋሪን ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከአብዛኛው የፌዴራል ድጎማ ውጪ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚበሉትም፣ የሚታከሙትም፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱትም በልጃቸው እጅ ነው። አብዛኛው ቤት ይህን ሸክም በፍቅር እንደሚሸከም ሳልናገር ባልፍ ሐሜት ይሆንብኛል። የማይሸከም ቤት ግን አለ፤ ገበና ሸፋኝነታችንም ያንን ቤት ከሌላው ለይቶ አያሳይም።

አንዲት እናት ክንዳቸው በልዞ ያየች ነርስ ጠቆመች። ባለሙያዬ በማግስቱ ሄደች። በሩን የከፈተውም፣ እንግዳ የተቀበለውም፣ ያስተረጎመውም ልጃቸው ነው። «ምንም አልጎደለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ የመጣው ያንኑ ሐረግ ይዞ ነው፦ ያስፈልጋቸዋል፤ አልተቀበሉም። አልፈረምሁም። ባለሙያዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ በር ላይ ቆሞ ፈገግ የሚል፣ እንግሊዝኛ የሚያቀላጥፍ፣ ቡና የሚያቀርብ ልጅ ሲያጋጥም ማንም ሰው በእሱ በኩል መነጋገር ይቀልለዋል። ነገር ግን የተጠርጣሪው አፍ የተበዳይ አፍ ሊሆን አይችልም። አማርኛ የምትናገር ሌላ ባለሙያ ልጁ ሥራ በሚውልበት ሰዓት ላክሁ።

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ? ስለ ጤናዎ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» ስትላቸው፣ እናቲቱ መታወቂያዋንና ደብተሯን እያዩ የመለሱላት፣ «ልጄ፣ ከቀበሌ ነሽ?» የሚል ነበር።

ባልደረቦቼ ይህን ስተረጉምላቸው ፈገግ አሉ። እኔ አልሣቅሁም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከወጣ በኋላ ቀበሌ የተባለው ነገር በእኚህ እናት የወጣትነት ዘመን ስኳርና ዘይት አዳይ፣ ቤተሰብ መዝጋቢ፣ ስብሰባ ጠሪ ነበር፤ በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ አሰሳ የሚያካሂድ፣ የሚያስር፣ የሰው ልጅ ወስዶ የማይመልስ ነበር። በዚያ ዘመን ያለፈ ሰው ደብተር ለያዘ የመንግሥት ሠራተኛ «ምንም አልጎደለብኝም» ማለትን የተማረው ነፍሱን ለማዳን ነው። እና አሁን በቨርጂኒያ አንድ አፓርታማ ውስጥ ያ መልስ ሲሰጥ፣ ሕጉ «የነፃ ሰው ውሳኔ» ብሎ ሊመዘግበው ነው! በእኔ እምነት ነፃነት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። እንቢታቸውን አለማክበር ቀበሌነት ነው፤ ከፍርሃት የመጣውን ዝምታ እንቢታ ነው ብሎ መቀበል ደግሞ በሕግ ስም ጥሎ መሄድ ነው።

ስለዚህ ሰኞ ሰኞ መዝገብ ስንገመግም ጥያቄዬ ስለ ደንብ አንቀጽ አይደለም። ብቻቸውን አነጋገርሽ? ማን አስተረጎመ? (የስልክ አስተርጓሚ አለን፤ ወንዙን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ጭምር ያገለግላል፤ ስለዚህ ልጅን ለማስተርጎም ሰበብ የለም።) በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ የተጻፈው ቀንና ውስጡ የቀረው ፍሬ ይገጥማል? ማቀዝቀዣውን አሳዩሽ? እምቢ ቢሉ ምን ሊደርስባቸው እንደሚችል በራሳቸው አንደበት መልሰው ነገሩሽ ወይስ አንቺ ተናግረሽ እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ መዝገብ ትመልሳለች።

መልሶ መላክ ግን ጊዜ ነው፤ ጊዜም ገንዘብ ነው። በእኔ ክፍል እንዳየሁት አንድ ባለሙያ የሚይዘው መዝገብ ሲበዛ «አልተቀበሉም» የሚለውም አብሮ ይበዛል። አረጋውያኑ ድንገት እምቢ ባይ ሆነው ነውን? የሕፃናት ጥቃት መከላከያ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1974 ነው። ለአረጋውያን ፍትሕ የሚል ሕግ እስኪወጣ እስከ 2010 ተጠበቀ፤ ለክፍላችን ዓይነት አገልግሎት ለየግዛቱ የሚከፋፈል የራሱ የፌዴራል ገንዘብ የመጣው ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በ2021 ነው። በሜይ 2024 ለመላ አገሪቱ የመጀመሪያው የፌዴራል ደንብ ወጣ፤ ግዛቶች እስከ 2028 እንዲያሟሉ ጊዜ ተሰጣቸው። በማርች 2025 ደግሞ ደንቡን ያወጣው መሥሪያ ቤት ተበትኖ ሥራው ለሌሎች እንደሚከፋፈል ተነገረ። ስለ ሽማግሌዎች ክብር ንግግር የማያደርግ ፖለቲከኛ በዚህ አገር አላጋጠመኝም። (በእኛም አገር አላጋጠመኝም።)

አገር ቤት ያለው ወዳጄ ይህን ሲሰማ «እኛ ዘንድ ልጅ አለ፣ ዕድር አለ፣ ጎረቤት አለ» ይለኛል። አለ፤ ብዙ ጊዜም ከእኔ ቢሮ ይበልጣል። ሕግም አለ፦ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዝዛል፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጅ ለተቸገረ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ነገር ግን ቀለብ የሚገኘው በክስ ነው። ልጇን ፍርድ ቤት የምታቆም እናት ማን ናት? መብቱ በወረቀት ላይ ቆሞ ከሳሽ ይጠብቃል፤ እናት ደግሞ ቤቷ ተቀምጣ ገበናዋን ትጠብቃለች። በሁለቱ መካከል ሄዶ በር የሚያንኳኳ፣ ብቻቸውን የሚያነጋግር፣ እምቢ ሲባል የሚመለስ፣ ደግሞም እንደገና የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው የሚያሠለጥነው፣ በ1959 የተከፈተው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በደርግ ጊዜ ተዘግቶ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግመኛ ሥራ የጀመረው በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ! በዚያ ጊዜ ውስጥ በር ማንኳኳትን የሚያውቀው ቀበሌ ብቻ ነበር።

እናቲቱን የጠየቀችው ባለሙያ ያን ቀን ደብተሯን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከቀበሌ እንዳልሆነች፣ ካልፈቀዱላት ምንም እንደማታደርግ፣ ልጃቸውንም ለመውሰድ እንዳልመጣች ነግራቸው የስልክ ቁጥሯን በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ስሟን አክላ ጽፋ ሰጠቻቸው። በሁለተኛው ጊዜ ስለ ጉልበታቸው ሕመም አወሩ። በሦስተኛው «ግቢ፣ ቡና አፍልቻለሁ» አሉ፤ ስለ ክንዳቸው ግን አልተናገሩም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሽማግሌዎች መዋያ የሚያደርስ መኪና ይገኝ እንደሆን። መኪናው ተገኝቷል። ሕጉ የሰጠን 45 ቀን ሊያልቅ ስድስት ቀን ሲቀረው መዝገቡ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።