የባለጉዳዩ አግዳሚ

የአሜሪካው ፊልም ሠሪ ማይክ ጀጅ እ.ኤ.አ. በ1999 «ኦፊስ ስፔስ» የተባለ ኮሜዲ ሠርቶ ነበር። ፒተር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ሪፖርቱ ላይ አዲሱን የሽፋን ወረቀት አላደረገም። አንድ አለቃ መጥቶ ይነግረዋል፤ ሌላው ይከተላል፤ ሌላው ደግሞ ስልክ ይደውላል። ስምንት አለቆች አሉት። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ብዙም አልቀናው፤ ተመልካቹን ያገኘው በኋላ በቪዲዮ ነው። እኔም ባየሁት ቁጥር ያስቀኛል። አንድ ነገር ግን ይጎድልብኛል፤ በዚያ ቢሮ ውስጥ ባለጉዳይ የለም። የሚሰለቸውም የሚያማርረውም ሠራተኛው ብቻ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ላይ የቢሮ ታሪክ የሚጀምረው ከውጭ፣ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ነው።

*

ከወረዳ ፍርድ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ልብ ብሎ ያየ ሰው የእኛን ቢሮ ፊልም ዋና ባለታሪክ አገኘ። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት፤ ድንበሩን፣ ድንበሩ ላይ የነበረውን ጥድ፣ ጥዱን የተከሉትን አያት፣ የአያትየውን ወንድም።

«አባቴ፣ እሱን ይተዉትና የሚጠይቁት ምንድን ነው?» አላቸው ጸሐፊው።

«እሱን እኮ ነው የምነግርህ ልጄ።»

አንድ ሰዓት የፈጀው ነገር ግማሽ ገጽ ሆኖ ወጣ፤ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብሎ ይጀምራል። ሲነበብላቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ሲያበቃ፣ «ጥዱስ?» አሉ።

ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ ሲያወጣ የመንዝ ሰው ለሙግት ያለውን ትጋት አንሥቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ሰው የወደደው ክሱን ብቻ አልነበረም፤ ዳኛ ፊት ቆሞ መናገሩንም ነው። በ«በላ ልበልሃ» ዘመን ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ይዞ፣ በቃሉ ይረታ ወይም ይሸነፍ ነበር። ዛሬ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚጠብቀው ቃል «ማመልከቻ አስገባ» ነው። ከመሬቱ በፊት አንደበቱን ተነጠቀ። ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

*

የመንዙ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲያድር፣ የሲሚንቶ ወለል ያለው ጽሕፈት ቤት እስከ ረፋድ ድረስ እግር ያደነዝዛል። በዚህ ደጋ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከግድግዳው ውጭ ፀሐይ ስትሞቅ ያየ ባለጉዳይ «ሥራ ፈት» ይላታል። ወደ ክፍሏ ገብቶ ቢያይ እንዲህ አይልም ነበር። ፋይሉ በሲባጎ ታስሮ መደርደሪያው ስላልበቃው ወለሉ ላይ ተቆልሏል፤ ስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ ሲላት በመዳፎቿ መሐል ታሸዋለች፤ ደመወዟ ወር አይደርስም። በእሷ ላይ የሚያላግጥ ኮሜዲ ቢሠራ እኔ አልስቅም።

*

ስምንት አለቃ ያለው ፒተር እኛ ዘንድ የቀበሌ ግብርና ባለሙያው ነው። የተፋሰስ ሥራ ሲመጣ የተሠራውን እርከን በኪሎ ሜትር ለክቶ ለወረዳው ይልካል፤ ወረዳው ለደብረ ብርሃን፣ ደብረ ብርሃን ለባሕር ዳር። ሁሉም በየራሱ ቅጽ ይጠይቃል። የአሠራር ማሻሻያ ተብሎ ቢፒአር መጣ፣ ቢኤስሲ መጣ፣ ካይዘን መጣ፣ አንድ ለአምስት መጣ፤ አንዱም ባዶ እጁን አልመጣም፣ ቅጽ ይዞ ነው። ገበሬው ገብሴን ዋግ መታብኝ ብሎ ሲመጣ ባለሙያው ሪፖርት ላይ ነው።

*

«ማንዳቢ» የኡስማን ሴምቤን ፊልም ነው፣ የሴኔጋል፣ እ.ኤ.አ. 1968። ለኢብራሂማ ዲየንግ ፓሪስ ያለ የእህቱ ልጅ 25,000 ፍራንክ በፖስታ ይልክለታል። ገንዘቡን ለመውሰድ መታወቂያ፣ ለመታወቂያው የልደት ወረቀት፣ ለልደት ወረቀቱ የተወለደበት ቀን ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ቀኑን አያውቅም። በመጨረሻ «ላግዝህ» ያለው ዘመድ በውክልና ገንዘቡን ወስዶ አስቀረው።

ይህን ፊልም ልጇ ዐረብ አገር ሠርታ ገንዘብ የምትልክላት የመርሐቤቴ እናት ብታየው ሴኔጋል ነው ብላ አታምንም። ልደቷን የምትቆጥረው በድርቅና በንጉሥ ነው፤ የመታወቂያው ቅጽ የሚጠይቃት ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ነው። ጣቷ ላይ ያለው አሻራም በማጭድ፣ በእንዝርትና በአመድ አልቋል። አንዷን እናት የአሻራ ማሽኑ አላነብ ሲላት አይቻለሁ፤ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና አስቀመጠች፣ እንደገና ጠረገች። ወጣቱ ሠራተኛ ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ይዞ አሞቀላት። በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ያዘ።

*

ኩባዊው ቶማስ ጉቲዬሬዝ አሌያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1966 ከሠራተኛነት መታወቂያው ጋር ስለተቀበረ ሰው ፊልም ሠራ። ሚስቱ ጡረታ እንድታገኝ መታወቂያው የግድ ይፈለጋል። ከዚህ በላይ መተረክ አያሻም፤ ባለጉዳይ የነበረ ሁሉ ቀጣዩን ያውቀዋል።

*

መንዝ ያለ ወረቀት የሚሠራ ጽሕፈት ቤት ነበረው። የጓሳው ሣር «ቀሮ» በተባለው ሥርዐት ይጠበቅ ነበር። እንደ ሁኔታው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ የሚከፈትበት ቀን ይታወጃል፤ ቀኑ ሲደርስ ባለመብቱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዐቱ ፈረሰ። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት መጠበቅ ለዚያ ገበሬ አልከበደውም፤ ቀኑ እንደሚታወጅ ያውቃላ። «ነገ ና» የሚከብደው ቀን ስለሌለው ነው።

*

በሚካኤል፣ በማርያምና በበዓለ እግዚአብሔር ቀን የወረዳው ግቢ ይሞላል። ገበሬው ሞፈር ስለማይጨብጥ ጉዳዩን የሚይዘው ለዚያን ዕለት ነው። ታዲያ ስብሰባውን በ12፣ በ21 ወይም በ29 የሚጠራ ኃላፊ ከሦስት ሰዓት መንገድ የመጣውን ሰው ሁሉ መመለሱ ነው። ይህን የቀን መቁጠሪያ በሩ ላይ መለጠፍ በጀት አይጠይቅም።

*

በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ራሱ በአስተዳደር ላይ የተሠራ ኮሜዲ ነው። ደራሲው ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ ናቸው፣ የስያደብር። ሩሲያ ተምረው ተመለሱ፤ በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሲታይ የዘመኑን ሹማምንት ብልሹነት በአራዊት ተረት አቀረበ። በንግሥት ዘውዲቱ ትእዛዝ ታገደ።

መቶ ዓመት አልፎታል። ዛሬ የደነባም የዓለም ከተማም ወጣት በስልኩ አጭር ኮሜዲ ይሠራል። ስለ ሠርግ ይሠራል፣ ስለ አማት ይሠራል፣ ከተማ ገብቶ ስለ ተሞኘ ገበሬ ይሠራል። ስለ ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ግን ብዙ አላየሁም። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ወጣቱም ነገ የሚጠይቀው መሬት፣ የሚያድሰው መታወቂያ አለው። ካሜራ ይዞ ግቢው ውስጥ ለመቅረጽ ቢፈልግ ደግሞ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ይባላል፣ ደብዳቤውን የሚጽፈውም ያው ጽሕፈት ቤት ነው።