ጠላ ፍለጋ ወደ መንዝ

ከባለቤቴ ጋር የእረፍት ጉዞ እያቀድን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘን፣ የቢራ ፋብሪካዎቹ ባሉባት ደብረ ብርሃን አድረን፣ ጣርማ በር ላይ ወደ መሐል ሜዳ እንታጠፋለን። የጓጓነው ለመንዝ የገብስ ጠላ ነው።

ጠላ ግን ቀን ይፈልጋል። ጌሾና ብቅሉ ይጠነሰሳል፣ እንኩሮው ይገባል፣ ጋኑ ይከደናል። ደውለን «መጣን» ብንል አክስቴ በዚያ ዕድሜዋ ውኃ ቀድታ፣ ገብስ ቆልታ ትጠምቅልናለች። ባለቤቴ «ለእኛ ብላማ አትደክምም» አለች።

ስለዚህ ቀኑን በማኅበሯ ቆረጥነው፤ አክስቴ በ21 የማርያም ማኅበር ትጠጣለች። ተራዋ ሲደርስ ለማኅበርተኛው መጥመቋ አይቀርም። ጌሾውን አስቀድመን እንልክላታለን፤ በዕለቱም ቀጂዎቹ እኛ ነን። መኪና የሚነዳው ሰው ግን ቅምሻ የለውም፤ የመንዝ ጉም ቀልድ አያውቅም።