ስንት ሰው አነበበው?



ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ከውጫሌ እስከ ሐይቅ እየዞረ የአምባሰል ሽማግሌዎችን ያናግራል፣ የነገሩትን ይቀዳል፣ ከዚያ ወደ ጽሑፍ ገልብጦ በራሱ ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣል። ደመወዝ የለው፣ ማስታወቂያ የለው። «ቲቸር፣ ቆጣሪውን ሳየው የሚያነበኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ወይ ልዝጋው፣ ወይ ሰው የሚወደውን ወሬ ልጻፍበት» አለኝ።

ሳስፈቅደው እሺ ስላለኝ መልሴን እዚህ አደረግኩት። ድረ ገጽ፣ ብሎግ ወይም የቴሌግራም ቻናል ያላችሁ ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ጥያቄ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ነገሩም ቀላል አይደለም። ልጁ ካናገራቸው አዛውንቶች መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ገጹ ከተዘጋ እነሱ የተናገሩት አብሮ ይዘጋል። አንድን ሥራ በቁጥር ከመፍረዳችን በፊት ቁጥሩ ምን እንደቆጠረ መጠየቅ አለብን።

እኛ የውጫሌ ሰዎች ደግሞ አንዲት ቃል በሁለት መንገድ ስትነበብ ምን እንደምታመጣ ከማንም በላይ ማወቅ አለብን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አቅራቢያችን ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ «ይቻላቸዋል» የሚል ነበር። በጣሊያንኛው ግን መቻሉ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ወረቀቱ አንድ፣ ፊርማው አንድ፣ ግሷ ግን ሁለት። መጨረሻው ዓድዋ ሆነ።

የድረ ገጽ ቆጣሪም እንደዚያው በቃል ያታልላል። «ጎብኚ»፣ «ጉብኝት»፣ «እይታ» የሚሉትን ሦስቱን ቃላት ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። አንድ አይደሉም።

«እይታ» ማለት ገጹ የተከፈተበት ብዛት ነው። አንድ ሰው አንዱን ጽሑፍ አምስት ጊዜ ቢከፍተው አምስት እይታ ነው። «ጉብኝት» የሚባለው አንድ ሰው ገብቶ እስኪወጣ ያለው ቆይታ ነው። በጎግል አናሊቲክስ አሠራር፣ ቅንብሩን ካልቀየራችሁት፣ አንባቢው 30 ደቂቃ ምንም ካልነካ ጉብኝቱ አለቀ ይባላል። ስለዚህ ጽሑፉን ጀምሮ ቡና ሊጠጣ ሄዶ ከ40 ደቂቃ በኋላ የቀጠለ ሰው ሁለት ጉብኝት ሆኖ ይመዘገባል። «ጎብኚ» የሚለው ደግሞ ሰው ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የሚቆጠረው መሣሪያው ነው። በስልኩም በላፕቶፑም የሚያነብ አንድ ሰው ሁለት ሊሆን ይችላል። ተቃራኒው ደግሞ የእኛ አገር ነገር ነው፤ አንድ ስልክ ላይ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ተሰብስበው ቢያነቡ ቆጣሪው የሚያውቀው አንድ ነው።

አሁን ወደማይቆጠሩት እንምጣ።

አንባቢው ጽሑፉን ስክሪንሾት አድርጎ ለእህቱ ቢልክላት፣ እሷ አልተቆጠረችም። ሙሉውን ገልብጦ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢለጥፈው፣ ግሩፑ ሙሉ አልተቆጠረም። ሊንኩን እንኳ ቢልኩት፣ ከቴሌግራም ተጭኖ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ «ቀጥታ የገባ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። የዚያ ሳጥን ቁጥር ከፍ ካለ «አድራሻዬን በቃሉ የሚያውቅ ሰው በዛ» ብላችሁ አትደሰቱ። ሰው ለሰው እየላከው ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ኔትወርኩ ሲደክምም ጽሑፉ ደርሶ የቆጣሪው ኮድ ሳይጫን ሊቀር ይችላል። ሰውየው አንብቦ ወጥቷል፣ መዝገቡ ግን አላየውም።

አገሩን በሚያሳየው ካርታም አትገረሙ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው ሳለ ብዙ ሰው ቪፒኤን ይጠቀም ነበር። ቪፒኤን የከፈተ ሰው ቆጣሪው ላይ የሚታየው ሰርቨሩ ባለበት አገር ነው። ውጫሌ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አውሮፓ ውስጥ ያለ ይመስላል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም ቆየ። ያኔ ከአካባቢያችን ዜሮ የሚል ቁጥር ያየ ሰው «ወገኔ ተወኝ» ቢል ተሳስቷል። ሰው እኮ የሚገባበት በር ተዘግቶበት ነበር! ዜሮ ሁልጊዜ «አልፈልግም» ማለት አይደለም።

ከልክ በላይ የሚቆጠረውም አለ። አንደኛ እናንተው ራሳችሁ። ጽሑፉን ለጥፋችሁ «ስንት ሆነ?» እያላችሁ በየአሥር ደቂቃው የምትከፍቱት ከሆነ፣ ዋናዎቹ አንባቢዎች እናንተ ናችሁ። ሁለተኛ ቦቶች ናቸው። የፍለጋ ሞተሮችና ሌሎች ፕሮግራሞች ገጽ ለገጽ ይዞራሉ። ጎግል አናሊቲክስ የታወቁትን ያጣራል፤ የሰርቨሩን ጥሬ መዝገብ የሚያነብ ቆጣሪ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ሊቆጥር ይችላል። እንግዲህ ሁለት ቆጣሪ ገጥማችሁ ቁጥራቸው ቢለያይ አንዱ ዋሸ ማለት አይደለም፤ የሚቆጥሩት የተለያየ ነው።

«ታዲያ ቁጥር ምን ይጠቅማል?» ትሉኝ ይሆናል። ይጠቅማል፣ ያውም በጣም። ግን ከጠቅላላ ድምሩ ይልቅ ዝርዝሩ ነው የሚጠቅመው። ገበያ የወጣውን ሰው ሁሉ ብትቆጥሩ ማን ምን ሊገዛ እንደመጣ አታውቁም። ነጋዴ የሚጠቅመው ሰው መጥቶ የጠየቀውንና አጥቶ የሄደውን ማወቅ ነው።

ይህንን የሚነግራችሁ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ነው። ሰው ጎግል ላይ ምን ብሎ ሲፈልግ ገጻችሁ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደታየ፣ ስንቱ እንደተጫነውና በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደቆማችሁ ያሳያል። እስከ 16 ወር ድረስ ወደኋላ ማየት ይቻላል። ብዙ ጊዜ ታይቶ የሚጫነው ሰው ጥቂት ከሆነ፣ ወይ ርዕሱ ውስጥ ያለውን አይናገርም፣ ወይ ታች ተቀብራችኋል። ይህ የሚስተካከል ነገር ነው።

የእኛን አካባቢ ስሞች ብቻ እንያቸው። «አምባሰል» ብሎ የሚፈልግ ሰው ማንን ነው የሚፈልገው? ተራራውን? ወረዳውን? ወይስ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚጠራውን ቅኝት? የማሪቱ ለገሰን ዘፈን ፈልጎ የወረዳ ታሪክ ላይ የወደቀ ሰው ወዲያው ቢወጣ ጽሑፉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ በሩን ተሳስቶ ነው። «ሐይቅ»ም እንደዚያው ነው፤ ከተማዋን የሚፈልገውም፣ የትኛውንም ሐይቅ የሚፈልገውም ያንኑ ቃል ይጽፋል። ስለዚህ ርዕሳችሁ ላይ «ሐይቅ ከተማ፣ ደቡብ ወሎ» ብላችሁ ለዩት።

ፊደሉስ? «ሐይቅ» እና «ሀይቅ»፤ «ንጉሥ» እና «ንጉስ»፤ የራሳችን ከተማ እንኳ «ውጫሌ» እና «ዉጫሌ» እየተባለች ትጻፋለች። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚፈልጋትም አለ፤ በጣሊያን ሰነዶች ደግሞ «ኡቻሊ» ናት። የፍለጋው ሞተር ሁሉንም አንድ አድርጎ ይረዳልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ሌላውን አጻጻፍ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ ጣል አድርጉት። አንባቢን የማያስቸግር፣ በሩን ግን የሚያበዛ ዘዴ ነው።

ለልጁ የሰጠሁት የቤት ሥራ ይኸውና፤ ለሁላችሁም ይሆናል።

መጀመሪያ የአናሊቲክሱን የሰዓት ቅንብር ወደ አዲስ አበባ መልሱ። በአሜሪካ የፓስፊክ ሰዓት ከተቀመጠ ቆጣሪው አዲስ ቀን የሚጀምረው በእኛ ረፋድ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው፤ የማክሰኞን ማለዳ ሰኞ ላይ ይደምርባችኋል።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ አትዩት። በወር አንዴ በቂ ነው። ስታወዳድሩም የጾሙን ከጾሙ፣ የፈተናውን ሰሞን ከፈተናው ሰሞን ጋር አስተያዩ። ከ5 ወደ 10 መድረስ በመቶኛ ሲነገር 100 በመቶ እድገት ነው፤ ነገር ግን የተጨመረው አምስት ሰው ነው። መቶኛውም ተስፋ መቁረጡም አያስክራችሁ።

ሦስተኛ፣ «የተሳተፈ ጉብኝት» የሚለውን እንደ ንባብ አትቁጠሩት። በአዲሱ አናሊቲክስ ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየ፣ ወይም ሁለት ገጽ የከፈተ፣ ወይም እናንተ ቁልፍ ያላችሁትን ተግባር የፈጸመ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። 10 ሰከንድ ደግሞ አንድ አንቀጽ አያስጨርስም።

አራተኛ፣ ሰው ምን እንደሚያነብ ከራሳችሁ ገጽ ውጭም ተመልከቱ። የዊኪፔዲያ የገጽ እይታ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ የአማርኛውም አለ፣ ከሐምሌ 2015 (በፈረንጆች) ወዲህ ያለውን ያሳያል። ስለ ውጫሌ ውል የሚፈልገው ሰው በየትኛው ወር እንደሚበዛ እዩ። የዓድዋ በዓል ሲቃረብ ከሆነ፣ ጽሑፉን በዋዜማው ሳይሆን ከወር በፊት አውጡት።

ከዚያ በኋላ በየወሩ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ይህ ቁጥር ምን እንድቀይር ይነግረኛል?» ርዕስ፣ ፊደል፣ የሚወጣበት ጊዜ፣ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር ሊንክ። ምንም የማያስቀይር ቁጥር ከሆነ እለፉት፤ ለሆድ ብስጭት ነው የሚተርፈው።

አንድ ነገር ግን ቁጥሩን አትጠይቁት፦ «መጻፍ ይገባኝ ነበር ወይ?» እሱን አያውቅም። የጎረቤት ሐሜትና የአዛውንት ምስክርነት ለቆጣሪ እኩል አንድ አንድ እይታ ናቸው። ወሬ ብትጽፍ ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። ያደገው ግን ሌላ ገጽ እንጂ ያንተ አይደለም።

ስለዚህ አብሽር የኔ ልጅ፣ አትዝጋው። ርዕሶችህን አስተካክል፣ ፊደሎቹን ጨምር፣ ቀጥል። ከ20 ዓመት በኋላ የአያቱን ስም የሚፈልግ አንድ ልጅ ይመጣል፤ በዚያ ቀን ቆጣሪህ «1» ይላል።

እናንተ ደግሞ እስቲ አግዙን። ስለ ውጫሌ፣ ስለ ሐይቅ ወይም ስለ አምባሰል ጎግል ላይ ስትፈልጉ ምን ብላችሁ ነው የምትጽፉት? ፊደሉን ሳታርሙ፣ እንደምትጽፉት አድርጋችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ሰብስቤ እሰጠዋለሁ።