የገዳሪፍ አማቾቼ

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ልብሱን በየከተማው እያወለቀ ነው የሚጓዘው። አይከል ላይ ጋቢዬን፣ ገንዳ ውሃ ላይ ሹራቤን አወለቅሁ፤ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሬ ሱዳን፣ ገላባት ስገባ የማወልቀው አልቀረኝም። አጼ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸውን ጥይት የተመቱት እዚሁ አካባቢ ነው። ዛሬ ቦታውን የያዘው የሰሊጥ ጆንያ፣ የባጃጅ ጡሩምባና የምንዛሪ ነጋዴ ነው። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግራና ቀኙ እስከ አድማስ የተዘረጋ ጥቁር ዋልካ፣ የማሽላና የሰሊጥ አገር። ተራራ የለም። ደገኛ ዓይኔ የሚያርፍበት ቢያጣ፣ ከሩቅ ብቅ ያለውን ሶቭየቶች የሠሩትን ግዙፍ የእህል ጎተራ እንደ ተራራ ቆጥሮ ተጽናና።

ባለቤቴ የገዳሪፍ ልጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም እየተጋመሰ ሳለ ረመዳንን ከወላጆቹ ጋር ልናሳልፍ ሄድን። አማቴ ሐጅ ሰማንያን ተሻግረዋል፤ የተወለዱት ጣሊያን ከሰላንና ገላባትን በያዘበት በ1932 ዓ.ም. ክረምት ነው። ሚስታቸው ሐጃ ደግሞ ሰባዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ወገባቸው ጎበጥ ብሏል፣ ድምፃቸው ግን ከሦስተኛው ቤት ይሰማል። እኔ ክርስቲያን፣ ያውም ጿሚ፤ እነሱ አጥባቂ ሙስሊም። ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? አማት ቤት መግባት ለጎንደሬ ሙሽራም ቀላል አይደለም፣ እንኳን ቋንቋውን በወጉ ለማታውቅ።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ያየሁት የኒም ዛፍ ጥላ ሥር በብረት ማቆሚያ የተቀመጡ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ነው። ዚር ይሏቸዋል። አፋቸው በእንጨት ክዳን ተሸፍኗል፤ ክዳኑ ላይ በገመድ የታሰረ የቆርቆሮ ኩባያ አለ። ሸክላው ያልበዋል፤ በላቡም ውስጡ ያለው ውሃ ይቀዘቅዛል። አህያ ነጂው፣ ተማሪው፣ ለማኙ፣ ሁሉም ቆም ይልና ክዳኑን ገልጦ ይጠጣል፣ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይሄዳል። ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

ገዳሪፍ ውሃ የላትም። ይህንን ያወቅሁት በማግስቱ ነው። ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በበርሜል እየተጫነ በየደጃፉ ይሸጣል። ያን ሰሞን አንዲት ትንሽ ዳቦ 50 የሱዳን ፓውንድ ነበረች፣ በእኛ አምስት ብር ግድም፤ የአንድ በርሜል ውሃ ዋጋ ከሃያ ዳቦ ያልፋል። ሐጃ ጋሪው ሲመጣ ከነጂው ጋር ሳንቲም ለሳንቲም ይከራከራሉ፣ ይቆጣሉ፣ «አትራፊ!» ይላሉ። ከዚያ ገንዘቡን ይከፍሉና በገዙት ውሃ መጀመሪያ የሚሞሉት የደጁን ዚር ነው። ከተረፈ ለቤት።

ዝም አልኩ። እኛ ጎንደር ላይ እንግዳ እንወዳለን፣ ይህን ማንም አይክደንም፤ ግን እንግዳው በሩን አንኳኩቶ መግባት አለበት፣ አጥሩም ላይ ጠርሙስ ሰክተንበታል። የእነሱ በር ደግሞ ቀኑን ሙሉ ገርበብ ብሎ ይውላል።

ጾማችን መግጠሙ እንደሚያስቸግር ነበር የገመትኩት። አገናኘን እንጂ። ሐጃ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል እንደማልበላ ልጃቸው አንድ ጊዜ ሲነግራቸው በቃቸው። ለሌላው ፉሉ አይብ ሲነሰነስበት፣ የእኔ ብቻውን በትንሽ ሳሕን በሰሊጥ ዘይት ተለውሶ ይመጣል። ዌይካ የሚሉት የደረቀ ባሚያ ለእኔ ያለሥጋ ተሠርቶ በአሲዳ ላይ ይፈስሳል፤ አሲዳው የማሽላ ገንፎ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የሌለበት ገንፎ መጀመሪያ ቢያሳዝነኝም በኋላ ለመድኩት፣ ወደድኩትም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሕሉ ሙር ነው። የማሽላ ብቅል ይፈጩና በዝንጅብል፣ በቀረፋና በሌላም ቅመም አቡክተው እንደ ስስ ቂጣ በምጣድ ይጋግሩታል፤ በማፍጠሪያ ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ተጠልሎ፣ ስኳር ገብቶበት ቀይ ዳማ መጠጥ ይሆናል። ብቅል ያለ ጠላ ሌላ ሙያ እንዳለው አላውቅም ነበር!

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ወንዶቹ ሰሌን ይዘው መንገድ ላይ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ትሪ ያወጣል፣ ሁሉም በአንድ ይደረደራል። በር ላይ ሆኜ አያለሁ። ሐጅ በዱላቸው ተደግፈው መንገዱ መሃል ይቆሙና የሚያልፈውን ሁሉ «ኢትፈደል!» እያሉ ይይዛሉ፤ የጭነት መኪና ሹፌር እንኳን አያመልጣቸውም። በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚሻገሩት የአማራ ልጆች እርሻቸው ላይ እየሠሩ ጥቂት አማርኛ አስተምረዋቸዋል፤ «ና»፣ «ብላ»፣ «አይዞህ»። እኔንም «ና ብላ» ነው የሚሉኝ፤ ሴትና ወንድ ብሎ ነገር የለም።

ከማፍጠሪያ በኋላ ቡናው የሐጃ ነው። ረጅም እጀታ ባላት ትንሽ መቁያ ይቆላሉ፣ በእንጨት ሙቀጫ ከደረቅ ዝንጅብል ጋር ይወቅጣሉ፣ አወቃቀጡ ዜማ አለው። የጀበናው አፍ ላይ አተላው እንዳይወርድ ቃጫ ይወተፋል። ፍንጃሉ ከእኛ ሲኒ ያንሳል፣ ስኳሩ ግን ግማሹን ይይዛል። ሐጅ በገመድ የተጠለፈ አንገረባቸው ላይ ጋደም ብለው ያወራሉ፣ ባለቤቴ ያስተረጉማል። የ1977ቱን ረሃብ ያስታውሳሉ፤ የኡም ራኩባ መጠለያ በስደተኛ ተጥለቅልቆ ስለነበረበት ጊዜ፣ ቤተ እስራኤላውያን በሌሊት በአውቶቡስ ወደ ካርቱም እየተወሰዱ ወደ እስራኤል ስለበረሩበት ዘመቻ ሙሴ። ያ መጠለያ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ከትግራይ ጦርነት ለሸሹት እንደገና ተከፈተ፤ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ። በዚያው ወራት ድንበር ላይ ባለው የፋሻጋ መሬት ምክንያት የኢትዮጵያና የሱዳን መንግሥታት ጦር ይማዘዙ ነበር። ስለ ፋሻጋ ግን በዚያ ቤት ከአንድም ሰው አንድም ቃል አልሰማሁም። እንግዳ ፊት አይነሳም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ለእኔ ቀዳም ስዑር፣ ለእነሱ የረመዳን 24ኛ ቀን፣ ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። ሁለቱ የባለቤቴ እህቶች እዚያ ናቸው። ስልኩ ቀኑን ሙሉ ጮኸ፣ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። ሐጃ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከሰጋጃው አልተነሱም። ፋሲካን ረሳሁት።

እሳቸው አልረሱትም። ዶሮ አስቀድመው ገዝተው ጓሮ አስረው ኖሯል። እነሱ ያረዱትን እንደማልበላ ያውቃሉ፤ እንዴት እንዳወቁ እስካሁን አልገባኝም። እሑድ ማለዳ ሐጅ ራሳቸው ገበያ ወጥተው አንድ የበየዳ ልጅ፣ ማተቡን ያሰረ የቀን ሠራተኛ፣ ይዘው መጡ። ልጁ በስመ አብ ብሎ ባረከና አረደ። ሐጃ እየጾሙ፣ ልጆቻቸው ይኑሩ አይኑሩ ሳያውቁ፣ ቀይ ሽንኩርት አቁላልተው ዶሮዬን ሠሩልኝ፣ እስክጨርስም አጠገቤ ተቀመጡ። እያለቀስኩ በላሁ።

እህቶቹ ከቀናት በኋላ ከነልጆቻቸው በሕይወት ደረሱ፤ ከእነሱ ጋር ጎረቤት፣ ከጎረቤት ጋር የጎረቤት ዘመድ። አንገረቦቹ ሁሉ ግቢ ወጡ፣ ወንዶች ሰሌን ላይ ተኙ። ደጁ ላይ ሦስተኛ ዚር ተጨመረ። እኛ ስንመለስ የመተማ ድልድይ በሱዳናውያን ተጨናንቆ ነበር፤ ሻንጣ፣ ሕፃን፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉ አዛውንት።

ከዚያ ወዲህ ያለው ለእኛ አያኮራም። በመተማ መስመር ኩመርና አውላላ የሰፈሩ ስደተኞች ዘረፋና እገታ ሲበዛባቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ላስቲክ ወጠሩ። የሰሊጥ ማሳቸው ላይ አብልተውን፣ በረሃብ ዘመን ተቀብለውን፣ እኛ ያቆየንላቸው ይህ መሆኑ ያሳፍራል። አገር ሰላም አጥቶ ነው የሚባለው እውነት ነው፤ ግን እነሱም ሲቀበሉን ሁልጊዜ ሰላም አልነበሩም።

ጎንደርም ሆነ አዲስ አበባ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ቤት የተከራየ ሱዳናዊ ቤተሰብ ካለ እነሱ መጥተው እስኪያንኳኩ አትጠብቁ። ሂዱና ቡና ጥሯቸው። ዝንጅብል ጣል አድርጉበት፣ ስኳሩንም አትሰስቱ።